የጂም አቦትን ታሪክ ጻፉልን

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ ቤዝቦል ስትጽፉ ደሞዝና ዝውውር ብቻ ይበዛል። ልጄ እዚህ ሜሪላንድ ኳስ ወርዋሪ ነውና እንደ እሱ ኳስ ወርዋሪ ስለነበረው ስለ አሜሪካዊው ጂም አቦት ብትጽፉ ደስ ይለኛል።

አቦት በ1967 እ.ኤ.አ. ሚሺጋን ውስጥ፣ ፍሊንት ከተማ ተወለደ። ሲወለድ ቀኝ እጁ መዳፍ አልነበረውም። ልጅ እያለ ኳስ ከግድግዳ ጋር እያላተመ ሲለማመድ ይውል ነበር። አወራወሩን ልብ ብላችሁ እዩት። ጓንቱን በቀኝ ክንዱ ጫፍ ላይ ያስቀምጣል፣ በግራው ይወረውራል፣ ወዲያው ግራ እጁን ጓንቱ ውስጥ ይከታል። ኳሷ ወደ እሱ ከመጣች ይቀልባታል። ከዚያ ጓንቱን ብብቱ ስር ሸጉጦ ኳሷን ያወጣና እንደገና ይወረውራል። ይህ ሁሉ በዓይን ጥቅሻ ነው!

በመስከረም 1993 እ.ኤ.አ. ለኒውዮርክ ያንኪስ ሲጫወት ክሊቭላንድን አንድም የተሳካ ምት ሳይፈቅድ 4 ለ 0 አሸነፈ። ከጥቂት ቀናት በፊት ያው ቡድን ውርወራዎቹን ክፉኛ መትቶበት ነበር። በ1996 ደግሞ 2 ጨዋታ አሸንፎ 18 ተሸነፈ። ይህንንም ጻፉት፣ ልጆቻችን ይወቁት።

እኔን ግን ከሁሉም በላይ የነካኝ የቤቱ ታሪክ ነው። ስለ ሥራው ሊያወራ ልጁ መዋዕለ ሕፃናት ሄዶ ሳለ፣ ትንሿ ልጁ እጇን አወጣች። ያቺን ትንሽ እጁን ይወዳት እንደሆነ ጠየቀችው። እዚያው ክፍል፣ በጓደኞቿ ፊት።

አንዲት እናት፣ ከሜሪላንድ