አባይ በረሃን በመኪና መስኮት ብቻ አንየው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ሀገር ውስጥ ጉብኝት ስትጽፉ ሰሜን ተራሮች፣ ላሊበላና ጢስ አባይ ደጋግመው ይነሳሉ። ደግ አደረጋችሁ። ከጎጃም አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ሁሉ የሚያቋርጠው አባይ በረሃ ግን በጋዜጣ የሚነሳው ለክፉ ብቻ ነው። ወይ ናዳ ወርዶ መንገድ ተዘጋ ይባላል፣ ወይ ተሳቢ ፍሬን በጥሶ ተገለበጠ። እኔ ደጀን ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ይህ ሸለቆ ጥበቃ ተደርጎለት በእግር የሚጎበኝ ፓርክ እንዲሆን እፈልጋለሁ።

ከደጀን አፋፍ እስከ ወንዙ ቁልቁለቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው። ጠዋት ደጀን ላይ ጋቢ ደርቦ የተነሳ ሰው ድልድዩ ጋ ሲደርስ ሸሚዙም ይከብደዋል። ከላይ የሚታየው ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ የፈሰሰ እሳተ ገሞራ ነው። ዝቅ እያሉ ሲሄዱ ኖራ ድንጋዩ ይመጣል። እሱ የተነጠፈው ይህ አገር በባሕር ተሸፍኖ በነበረበት ዘመን ነው። የባሕር እንስሳት ዛጎል ዛሬም በውስጡ ይገኛል። ከዚያ ጀሶው፣ ከታች ደግሞ አሸዋ ድንጋዩ። ተማሪዎቼ ለፈተና የሚሸመድዱት የመሬት ታሪክ እዚህ ደጃፋቸው ላይ ተደርድሯል። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ ግን ይህን ማየት አይቻልም። መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ሆድ ይታወካል፣ ሰው መጋረጃውን ስቦ ዓይኑን ይጨፍናል።

ዛፉም እንደዚሁ ነው። በቆላው ከግራሩ ጋር የእጣን ዛፍ ይበቅላል። በጋ ሲገባ ቅጠሉን ያራግፋል፣ ልጡም እንደ ወረቀት ይላጣል። ቡና ስናፈላ የምናጨሰው እጣን ከምን ዛፍ እንደሚወጣ ያላየ ስንት ሰው አለ!

ብዙ አዲስ መንገድ መቅደድ አያስፈልግም። የኩራርና የአካባቢው ገበሬ አህያውን ጭኖ ገበያ የሚወጣበት የእግር መንገድ አለው። የቱ ምንጭ በጋ እንደሚደርቅ፣ የቱ እስከ ግንቦት እንደሚዘልቅ፣ ጥላ የት እንዳለ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። መሪዎቹ እነዚህ ሰዎች ይሁኑ፤ ክፍያውም ለነሱ ይድረስ። ምንጩ የሰውም የከብትም የዱር እንስሳም መጠጫ ስለሆነ ጎብኚ ሳሙና ይዞ አይግባበት። ባዶ ሃይላንዱንም ይዞ ይውጣ።

በጣም የሚያሳስበኝ ሙቀቱ ነው። ተራራ ሲወጣ የደከመው ሰው ከመሃል ይመለሳል፤ መመለሻው ቁልቁለት ነውና ይቀለዋል። ሸለቆ ግን መጀመሪያ በቀላሉ ያወርድና ጉልበት ካለቀ በኋላ፣ ፀሐይ ከበረታ በኋላ ዳገቱን ያመጣል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1919 ብሔራዊ ፓርክ የሆነው ግራንድ ካንየን ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ከአፋፍ ወንዙ ድረስ ወርዳችሁ በዚያው ቀን ለመመለስ አትሞክሩ እያለ አጥብቆ ያስጠነቅቃል። በሙቀቱ ወራት ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት በፀሐይ አትጓዙ ይላል። በዋናው የእግር መንገድ ላይ የመጠጥ ውሃ የሚቀዳባቸው ቦታዎች አሉት። በናሚቢያ የፊሽ ሪቨር ሸለቆ ደግሞ ረጅሙ የእግር ጉዞ በቀዝቃዛዎቹ ወራት ብቻ ይፈቀዳል፤ ተጓዡም የሐኪም ማስረጃ ያቀርባል። እኛም ከኅዳር እስከ ጥር ብቻ ብንፈቅድ፣ ውሃና ጥላ ሳናዘጋጅ ደግሞ ማንንም ባናስወርድ ይሻላል። ታች ቆላ ወባ እንዳለም ለጎብኚው በግልጽ ይነገረው።

መሬቱ ይንሸራተታል። አስፋልቱ በየጊዜው የሚሰነጠቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ የእግር መንገዱ በየት እንደሚያልፍ የሥነ ምድር ባለሙያ አይቶ ይወስን። በጃፓን እርዳታ የተሠራው 303 ሜትር ድልድይና ጎኑ የቆመው አሮጌው ድልድይ ጥበቃ አላቸው፤ ተገቢ ነው። ከነሱ ራቅ ብሎ ሰው በፈቃድ ቆሞ ወንዙን የሚያይበት ቦታ ይዘጋጅ። ማዶው ጎሃ ጽዮን፣ ኦሮሚያ ክልል ነው። ሁለቱ ክልሎች ካልተነጋገሩ ጥበቃው ግማሽ ገደል ላይ ይቀራል።

ዛሬ ጎጃም ውስጥ እንደ ልብ እንደማይኬድ እኛ ነዋሪዎቹ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ጎብኚ ነገ ይምጣ አላልኩም። ካርታውን ማዘጋጀት፣ ደንቡን መጻፍ፣ ከማዶው ክልል ጋር መነጋገር ግን ከአሁኑ ሊጀመር ይችላል። የክልሉ የቱሪዝም ኃላፊዎች በዚህ ላይ ያላቸውን ሐሳብ ጠይቃችሁ ብታወጡልን ደስ ይለኛል።

መንገዱ ሰላም ሲሆን ደግሞ አንድ ጋዜጠኛ ከፎቶግራፍ አንሺ ጋር ላኩልን። ኅዳር ላይ ይሁን። ማልደን ከደጀን ተነስተን፣ መንገዱን ከሚያውቅ የኩራር ሰው ጋር በእግር እንወርዳለን። መመለሻው በመኪና ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር
የጂኦግራፊ መምህር፣ ከደጀን፣ ምሥራቅ ጎጃም