«ዓለም -1» ማንም የደበቀው ምስጢር አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ሱፐር ማሪዮ ጨዋታዎች ብርቅዬ ነገሮች ባለፈው እትማችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አነበብኩ። የቪዲዮ ጌም ጉዳይ በጋዜጣ ገጽ ላይ በቁም ነገር ሲነሣ ማየት የተለመደ ስላልሆነ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ይሁን እንጂ ጽሑፉ በመጀመሪያው ሱፐር ማሪዮ ውስጥ በጨዋታው ስህተት የሚገባበትን፣ «ዓለም -1» የሚባለውን ቦታ ሠሪዎቹ ሆን ብለው የደበቁት ምስጢር አድርጎ ማቅረቡና በጨረታ ከሚሸጡ ውድ ዕቃዎች ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጡ ትክክል ስላልመሰለኝ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1985 በጃፓን ለገበያ የቀረበው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ በጠቅላላው 40 ኪሎባይት ነው፤ 32ቱ ለፕሮግራሙ፣ 8ቱ ለሥዕሎቹ። በዚህ ጠባብ ቦታ ውስጥ አንዱን ነገር ለሁለት ለሦስት ጥቅም ማዋል ግዴታ ነበር። ሰማይ ላይ የሚታየው ነጭ ደመናና መሬት ላይ ያለው አረንጓዴ ቁጥቋጦ፣ ልብ ብሎ ላያቸው፣ ቀለሙ ብቻ የተለወጠ አንድ ሥዕል ናቸው። «ዓለም -1»ም የዚሁ ቁጠባ ልጅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዓለም 1-2 (በመጀመሪያው ዓለም ሁለተኛ ደረጃ) መጨረሻ ላይ ከመውጫው ቧንቧ አናት ቆሞ፣ ከበላዩ ካሉት ጡቦች ጥቂቶቹን ሰብሮ ከግድግዳው ጋር የተያያዘውን አንዱን የተወ ተጫዋች፣ ፊቱን ወደ ግራ አዙሮ ጎንበስ እንዳለ ወደ ቀኝ ቢዘልና ማዕዘኑን በትክክለኛዋ ነጥብ ላይ ቢነካ፣ ጨዋታው ማሪዮን ግድግዳ ውስጥ ተሰንቅሮ ያገኘውና ወደ መጣበት በመመለስ ፈንታ በግድግዳው ውስጥ አሳልፎ ወደ ማዶ ይገፋዋል። (በጽሑፍ ቀላል ይመስላል፤ እኔ ግን ጣቴ እስኪዝል ሞክሬ ነው አንድ ጊዜ የሆነልኝ።) ከግድግዳው ማዶ ወደ ዓለም 4፣ 3 እና 2 የሚያሻግሩ ሦስት ቧንቧዎች አሉ። የእነዚህ ቧንቧዎች ትክክለኛ መድረሻ የሚሞላው ግን የእንኳን ደህና መጣችሁ ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ነው። ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት በግራው ቧንቧ የገባ ሰው፣ በዓለም 4-2 ላለው ለሌላው መሻገሪያ የተዘጋጀው መረጃ ይነበብለታል። እዚያ ደግሞ ያለው መካከለኛው ቧንቧ ብቻ ሲሆን ወደ ዓለም 5 ይወስዳል፤ በግራና በቀኙ ቧንቧ ስለሌለ በቦታቸው የተጻፈው የባዶ ሥዕል ቁጥር፣ ማለትም 36 ነው።

ጽሑፋችሁ የዘለለው ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ከቧንቧው በላይ የሚጻፈው ምልክትና ተጫዋቹ የሚላክበት ዓለም በአንድ ቁጥር ነው የተያዙት። በጨዋታው የሥዕል ሠንጠረዥ ከ0 እስከ 9 አሃዞች፣ ከ10 እስከ 35 የላቲን ፊደላት፣ 36ኛው ላይ ባዶ ቦታ ተቀምጧል። ስለዚህ ተጫዋቹ የገባው ዓለም 36-1 ነው፤ ሠላሳ ስድስተኛው ሥዕል ባዶ በመሆኑ ግን ከሰረዙ በፊት ምንም ሳይታይ ይቀራል። ከዜሮ በታች አንድ ብለን ያነበብነው እኛ ነን። ቦታውም ቢሆን አዲስ አይደለም፤ ከዓለም 2-2 ጋር አንድ የሆነ የውኃ ውስጥ ደረጃ ሲሆን፣ መጨረሻው ላይ ያለው ቧንቧ ወደ መጀመሪያው ስለሚመልስ ተጫዋቹ ሰዓቱ እስኪያልቅ ከመዋኘት በቀር መውጫ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1986 በጃፓን በዲስክ የወጣው ቅጂ መረጃው በሌላ አኳኋን ስለተደረደረ፣ ያው ስህተት እዚያ ሦስት ደረጃዎች ያሉት ሌላ ጉዞ ይሆናል፤ ሦስቱን የጨረሰም ጨዋታውን እንዳሸነፈ ይቆጠርለታል። ይህን ሁሉ አስቦ የደበቀ ሰው ቢኖር ኖሮ ሁለቱን ቅጂዎች እንዲህ ባላለያያቸው ነበር።

ያው የሥዕል ሠንጠረዥ ሌላም የሚያስገርም ነገር ይገልጣል። በዓለም 3-1 መጨረሻ በደረጃዎቹ ላይ የምትወርደውን ኤሊ ደጋግሞ በመርገጥ ነፍስ (እንደገና የመጫወት ዕድል) ያጠራቀመ ተጫዋች፣ ቁጥሩ ከ9 ሲያልፍ አንድ ትንሽ ዘውድ ያያል፤ 20 ላይ ሲደርስ ደግሞ ከዘውዱ ጎን አሃዝ ሳይሆን «ኤ» የሚለው ፊደል ይወጣለታል፤ ምክንያቱም ከ9 ቀጥሎ በሠንጠረዡ ያለው ሥዕል እሱ ነው። ስስቱ ልክ ካጣም ዋጋውን ያገኛል፤ ጨዋታው ከ127 በላይ የሆነውን ቁጥር ከዜሮ በታች አድርጎ ስለሚቆጥረው፣ በነፍስ የበለጸገው ሰው አንዴ ቢሞት ሁሉም ያበቃለታል።

ወደ ጨረታው ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2021 ያልተከፈተ የሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ካርትሪጅ (ጨዋታውን የያዘ፣ ማጫወቻው ላይ የሚሰካ ሣጥን) በሚያዝያ በ660,000 ዶላር፣ በነሐሴ ሌላው በ2 ሚሊዮን ዶላር መሸጡ እውነት ነው። ጽሑፋችሁ ግን ይህን የጨዋታው ብርቅነት ማስረጃ አድርጎታል። ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጠ ጨዋታ ብርቅ ሊባል አይችልም፤ የተሸጠው እሽጉና እሽጉ በባለሙያ የተሰጠው ደረጃ ነው። በእኔ ግምት እውነተኛ ብርቅ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1990 ለጨዋታው ሠሪ ለኒንቴንዶ የዓለም ሻምፒዮና የተሠራው ካርትሪጅ ነው፤ 90 ግራጫና 26 ወርቃማ ብቻ ተሰራጭተዋል። በውስጡ የ6 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ውድድር አለ፤ ተወዳዳሪው በሱፐር ማሪዮ 50 ሳንቲም ከሰበሰበ በኋላ ወደ መኪና ውድድር፣ ከዚያም ወደ ቴትሪስ ይሻገራል። በግራጫው ካርትሪጅ ፊት ላይ የውድድሩን ሰዓት ማስተካከያ ትንንሽ ማብሪያዎች በግልጽ ይታያሉ፤ ለሥራ እንጂ ለመደርደሪያ እንዳልተሠራ ከእነሱ ያስታውቃል።

«ዓለም -1» ግን በማንኛውም አሮጌ፣ መለያው በተላጠ የሱፐር ማሪዮ ካርትሪጅ ውስጥ አለ። በ2 ሚሊዮን ዶላር በተሸጠው ውስጥም አለ፤ ባለቤቱ ሊያየው ከፈለገ እሽጉን መቅደድ አለበት።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትማችሁ «የተደበቀ ዓለም» የሚለው አገላለጽ እንዲታረምና ቁጥር 36 ከየት እንደመጣ በአጭሩ እንዲጠቀስ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ