ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ግማሽ ጀልባዎች

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የደብረ ብርሃን ብርድ ጀምሯል፤ እናትሽ ባናውን አውጥታለች።

ከሮድ አይላንድ የላክሽልኝን ፎቶ ስንቴ እንዳየሁት! ከሄሬሾፍ የባሕር ሙዚየም ያነሳሽውን። ስለ ሪላያንስ የጻፍሽውንም ለእናትሽ አነበብኩላት። ከፊቷ ከተዘረጋው ምሰሶ ጫፍ ከኋላዋ እስከተዘረጋው ምሰሶ ጫፍ 61 ሜትር ገደማ የምትረዝም የሸራ ጀልባ! በፈረንጆቹ 1903 ለአሜሪካ ዋንጫ ተወዳድራ የሰር ቶማስ ሊፕተንን ጀልባ 3 ለ 0 አሸነፈች። ሊፕተን ያው የሻዩ ባለቤት ነው ስላት እናትሽ ማመን አቃታት። ሰውየው አምስት ጊዜ ሞክሮ ዋንጫውን ሳያገኝ ቀረ። ያቺ ሁሉ የተለፋባት ሪላያንስም በ10 ዓመቷ ፈራርሳ ተሸጠች። እሱ አንጀቴን በላው።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ትንንሽ እንጨቶች ናቸው። ሪላያንስን የነደፈው ናትናኤል ሄሬሾፍ ጀልባ ሲያስብ መጀመሪያ እንጨት ይጠርብ ነበር። ግማሹን ጎን ብቻ፤ ሌላው ያው ነዋ። ትልቁ የሚሠራው ከዚያ ላይ እየተለካ ነው። ታላቅ ወንድሙ ጆን ደግሞ ዓይነ ስውር ነው፤ ብርሃኑን ያጣው ገና በልጅነቱ። የጀልባ መሥሪያ ድርጅቱን ግን በፈረንጆቹ 1878 አብረው አቋቋሙ። ጆን ሞዴሉን በእጁ እየዳሰሰ ቅርጹን ይመረምር ነበር።

እዚህ ላይ ስደርስ አያትሽ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። መንዝ ሳለን ቀንበር ጠርበው ሲጨርሱ ዓይናቸውን ጨፍነው በመዳፋቸው ይሄዱበት ነበር። «በሬው የሚያውቀው በትከሻው ነው» ይሉኛል። ትንሽ ከጎረበጣቸው እንደገና መጥረቢያ። እኔ ልጅ ነኝ፤ ያለቀ ቀንበር ለምን እንደሚነካካ አይገባኝም። ዛሬ በር ስልግ እኔም እንደሳቸው አደርጋለሁ። መላጊያ ያለፈበት እንጨት ለዓይን ልሙጥ ነው። መዳፍ ሲያርፍበት ነው ጉብታው የሚታወቀው። ባሕር ማዶ ያለ ጀልባ ሠሪ ይህንኑ ሲያደርግ እንደኖረ ከአንቺ ሰማሁ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

አደራሽን፣ ተመልሰሽ ስትሄጂ አንዱን ግማሽ ሞዴል ከጎንም ከታችም አድርገሽ አንሺልኝ። ሆዱ የት ላይ እንደሚሰፋ፣ አፍንጫው የት ላይ እንደሚቀጥን በደንብ ይታየኝ። ካለፈው ሥራ የተረፈ ደረቅ የጥድ ቁራጭ አስቀምጫለሁ።

አባትሽ