የሚጠፋው ቪዲዮ ማስረጃ ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ሐሰተኛ ቪዲዮ ነው። ልክ ነው፣ ያስፈራል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን እውነተኛው ቪዲዮ ሰው ሳያየው በማሽን መጥፋቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2017 የሄጉ ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ሊቢያዊው አዛዥ ማሕሙድ አል ወርፈሊ እንዲያዝ ማዘዣ አወጣ። የተጠረጠረው በ7 የተለያዩ ጊዜያት 33 ሰዎችን በመግደል ወይም በማስገደል ሲሆን፣ በማኅበራዊ ሚዲያ የተለቀቁ ቪዲዮዎች ለማዘዣው ትልቅ ድጋፍ ነበሩ። በዚያው ወር ዩቲዩብ የአክራሪዎችን ቪዲዮ እንዲለይ ያሰማራው ማሽን ከሶሪያ ጦርነት የተቀረጹትንም ጠራርጎ አነሳ። ጩኸት ሲበዛ የተወሰነው ተመለሰ። ማሽኑ በገደለው የሚፎክረውንና ነፍሱን ሸጦ የቀረጸውን ምስክር አይለይማ፤ ለእሱ ሁለቱም ደም ናቸው።

ከሕዝብ ዓይን ይነሳ፣ እስማማለሁ። ልጆቼም እንዲያዩት አልፈልግም። ግን አይደምሰስ! ዋናው ቅጂ ከተጫነበት ቀንና ሰዓት ጋር ተቆልፎ ይቀመጥ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ብቻ ይከፈት። በዋትስአፕ ከእጅ ወደ እጅ የዞረ ቪዲዮ ጥራቱም ይወርዳል፣ መቼና በምን እንደተቀረጸ የሚናገረው መረጃም ይጠፋል፤ ያኔ የተከሳሽ ጠበቃ «ይሄ ከየት መጣ?» ቢል እውነት አለው። የተቆለፈው ደግሞ የማሽን ማሠልጠኛ እንዳይሆን፣ ውስጡ የምስክሮችና የሟች ቤተሰቦች ፊት አለ። የ2024ቱ የአውሮፓ ኅብረት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ ከኢንተርኔት የሰው ፊት በጅምላ እየለቀሙ ሰውን በፊቱ የሚለይ የመረጃ ቋት መገንባትን መከልከሉ ደስ ብሎኛል። እንደ ዩቲዩብ ያሉ መድረኮች ያነሱትን ቪዲዮ ለፍርድ ቤት እንዲያቆዩ ግን አያስገድድም።

አል ወርፈሊ በ2021 ተገደለ፣ ችሎት ፊት ሳይቀርብ። ስለዚህ ዳኞች እነዚያን ቪዲዮዎች እንዴት ይመዝኗቸው እንደነበር አላየንም።

ፍርድ ደግሞ ይዘገያል። በ1970 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ በቀይ ሽብር ለተፈጸመ ግፍ አንድ የደርግ ሹም የዕድሜ ልክ እስራት የተፈረደበት እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፣ እዚያው ሄግ ባለ የኔዘርላንድስ ፍርድ ቤት። 40 ዓመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው! ከማስረጃዎቹ መካከል ከዚያ ዘመን የተረፉ ወረቀቶች ነበሩ። ወረቀት ሣጥን ውስጥ ይቆያል። ስልክ ግን ይሰበራል፣ አካውንት ይዘጋል።

እና ሕጉ እስኪመጣ እንዲህ ያለ ነገር በእጃችሁ ያለ ሰዎች፣ ዋናውን ከስልካችሁ አታጥፉት፤ ሳትቆርጡ፣ ጽሑፍ ሳትለጥፉበት ሌላ ቦታም ገልብጡት፣ መቼና የት እንደተቀረጸም ጻፉ። ፌስቡክ ላይ አትልቀቁት።

አንባቢያችሁ