ሐኪሙ ያልጻፈውን ኮደሯ ከየት ታምጣው?

ለጋዜጣው አዘጋጆች፦

ባለፈው እትማችሁ ስለ ሕክምና ቢል የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ብዙው ጥሩ ነው። «ኢንሹራንስ አልከፍልም ካለ ጥፋቱ የኮደሯ ነው» የሚለው ግን አልተዋጠልኝም። እኔም ሜሪላንድ ውስጥ እንጀራዬን የማገኘው በዚሁ ሥራ ነው። ኮደር ከኪሷ የምታወጣው በሽታ የለም። ሐኪሙ የጻፈውን ለኢንሹራንስ ወደሚላክ ቁጥር (ኮድ) ትቀይራለች፣ በቃ።

የአክስቴን ልጅ ጉዳይ ልንገራችሁ፤ ፈቅዶልኛል። አልካፕቶኑሪያ የሚባል በዘር የሚወረስ፣ እምብዛም የማይገኝ በሽታ አለበት። ሰውነቱ ከፕሮቲን የሚገኘውን ታይሮሲን እስከ መጨረሻው መፍጨት ስለማይችል ሆሞጀንቲሲክ አሲድ ይከማቻል። ከፊሉ በሽንት ይወጣል፤ ሽንቱም አየር ሲያገኘው ይጠቁራል። ሕፃን ሳለ አክስቴ የሽንት ጨርቁን በሳሙና ባሸችው ቁጥር ጥቁረቱ ይብስባት ነበር። ግራ ሲገባት ጠበል ይዛው ሄደች። የቀረው አሲድ ቆዳና መገጣጠሚያ ውስጥ ይገባል። ዛሬ የጆሮው ጠርዝ ሰማያዊ ሆኗል፤ ገና ጎልማሳ ሳለ ደረጃ የሚወጣው ግድግዳ ይዞ ነው።

ፋይሉ ላይ ግን ለዓመታት የነበረው «የወገብ ሕመም» ብቻ ነው፤ በአሁኑ ኮድ ኤም 54.50። በኋላ አንድ ሐኪም ጠርጥሮ «አልካፕቶኑሪያ ሊሆን ይችላል» ብሎ ጻፈ። ለተመላላሽ ታካሚ «ሊሆን ይችላል» ኮድ አይሰጠውም፤ የሚመዘገበው ምልክቱ ነው። ሆስፒታል ተኝቶ ለታከመ ደንቡ ሌላ ነው፤ ለምን እንደሆነ እኔንም አትጠይቁኝ። የሽንት ምርመራው መጥቶ ሐኪሙ የበሽታውን ስም በግልጽ ሲጽፍ ነው ኢ 70.29 የገባው። የመገጣጠሚያው ጉዳት ኤም 36.8 ሆኖ ከሱ ቀጥሎ ይሰፍራል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ቢሉ ተመልሶ ይመጣል።

ይሄም ሆኖ ኢ 70.29 «ሌሎች የታይሮሲን መዛባቶች» የሚል የጋራ መሳቢያ ነው። ኢንሹራንስ ቤት ያለው ሰው ቁጥሩን ብቻ አይቶ የትኛው በሽታ እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ የምርመራ ውጤቱና የሐኪሙ ደብዳቤ አብሮ ይላክ። ኒቲሲኖን የተባለው መድኃኒት ለዚህ በሽታ አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2020፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በ2025 ተፈቅዷል። የፋይሉ ነገር አሁን የሚያሳስበው ለዚህ መድኃኒት ክፍያ ሲባል ነው።

ጽሑፋችሁ ቢል ሲመጣ «ደውላችሁ ተከራከሩ» ይላል። ከመደወላችሁ በፊት ሐኪሙ የጻፈውን ማስታወሻ አንብቡት። እዚህ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በስልካችሁ በነፃ የማየት መብት አላችሁ። በሽታው ተረጋግጦ ሳለ «ሕመም» ብቻ ተጽፎ ካገኛችሁ፣ ሐኪሙ ማስታወሻውን እንዲያስተካክል በዚያው በስልካችሁ መልእክት ላኩለት። እሱ ካስተካከለ እኛ ቢሉን እንደገና እንልከዋለን።

የሕክምና ኮደር
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ