ማግኔት እስከ መቼ ይሰበራል? የፊዚክስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘንድሮ የክበባችንን ሥራ ያስጀመረችው አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ጥቅምት ላይ ነው። ማግኔት ለሁለት ቢሰበር ሁለቱም ስባሪ ሰሜንና ደቡብ ዋልታ እንደሚኖረው ሳስረዳ እጇን አወጣች። «እሺ ቲቸር፣ ስንሰባብረው ብንውል እስከ መቼ ነው ማግኔት ሆኖ የሚቆየው?»

ፒያሳ ካሉ ሬዲዮ ጠጋኞች የተቃጠለ ስፒከር ለምነን ማግኔቱን አወጣን። አንድ ቅዳሜ ከደሴ ወደ ቦርከና ወረድን። በፌስታል ጠቅልለን አሸዋው ላይ ስንጎትተው ማግኔቱ ጥቁር ጢም አበቀለ። ማግኔታይት ነው፤ ከባዛልት ድንጋያችን እየተፈረፈረ የሚወርድ የብረት ማዕድን። ልጆቹ ሳምንት ሙሉ በሙቀጫ ወቀጡት። ግን ሙቀጫ የቱንም ያህል ቢያደቅ ዱቄቱ ገና በሺዎች ናኖሜትር (አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) የሚለካ ነው። እኛ የምንፈልገው ግን የማግኔታይት ጠባይ የሚለወጥበትን፣ 20 ናኖሜትር አካባቢ ነበር።

ስለዚህ በሞዴል ለማየት ወደ ተዘፈዘፈ ሽምብራ ዞርን። ሽምብራው አቶም፣ ስቴኪኒው ጎረቤታሞቹን የሚያያይዝ ኃይል ሆነ። እያንዳንዱ አቶም እንደ ጥቃቅን ማግኔት ነው፤ ቁሱ ማግኔት የሚሆነው እነዚህ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሰለፉ ነው፣ የሚሰለፉትም ጎረቤት ለጎረቤት ተያይዘው ነውና። 3 በ3 በ3 የሆነ ኩብ ሠራን። ከ27ቱ ሽምብራ በየአቅጣጫው ጎረቤት ያለው አንዱ ብቻ ነው! 10 በ10 በ10 ቢሆን ደግሞ ከ1000ው 488ቱ ገጽ ላይ ይቀራሉ። ገጽ ላይ ያለ አቶም ደጋፊው ጥቂት ነው፤ ሙቀት ቶሎ ያናውጠዋል። ለዚህ ነው ቁሱ ሲያንስ ሰልፉ የሚፈርስበት ሙቀት ብዙ ጊዜ ዝቅ የሚለው።

ሰልፍ ሲፈርስ ለማየት አንድ ቀጥቃጭ ጋ ሄድን። ወናፉ ሲነፋ ሚስማሩ ብርቱካናማ ሆነ፣ ማግኔቱም አልይዘው አለ። የብረት ሰልፍ የሚፈርስበት ወሰን 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ተለጠፈ።

እዚህ ላይ ብዙዎቹ ተምታታባቸው። ከ20 ናኖሜትር በታች የሆነች የማግኔታይት ቅንጣት እንደ ሚስማሩ ሰልፏ አልፈረሰም። ውስጧ እንደተሰለፈ ነው። ግን ትንሽ ስለሆነች የክፍሉ ሙቀት ብቻ ሰልፉን በሙሉ ባንዴ ይገለብጠዋል፤ አሁን ወዲህ፣ ወዲያው ወዲያ። ማግኔት ሲቀርባት ትሳባለች፣ ሲርቅ ትረሳለች። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሉዊ ኔል ይህን በ1949 እ.ኤ.አ. አስልቶታል።

ልጅቷ ይህን ሰምታ ዝም አላለችም። «ታዲያ ሃርድ ዲስክ ላይ ያሉት ቅንጣቶች በጣም ካነሱ ፋይላችን ይጠፋል ማለት ነው?» አዎ፤ ሃርድ ዲስክ ፋይሉን የሚይዘው በቅንጣቶቹ የሰልፍ አቅጣጫ ነውና። አምራቾቹ ሰልፉ በቀላሉ የማይገለበጥ የኮባልትና የፕላቲነም ቅይጥ የሚጠቀሙትም ለዚሁ ነው። ከፍተን እንድናየው፣ የተበላሸ ሃርድ ዲስክ ያላችሁ ወላጆች በልጆቻችሁ በኩል ላኩልን።