ደህና ነኝ አትበይኝ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ጥቅምት 2013 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። ልጆቹም ደህና ናቸው። ትልቋ ፒጃማዋን ሳታወልቅ ከሳሎን በኮምፒውተር ትማራለች። ትንሹ የፊት ጥርሱ ወልቆ ጣራ ላይ ካልወረወርኩ ብሎ አስቸገረን። አንቺ ነሽ በስልክ ያስተማርሽው። አፓርታማ ውስጥ ከየት ጣራ ይመጣል? አባቱ ፓርኪንግ ይዞት ወርዶ የመኪናችን ጣራ ላይ አስወረወረው።

ይህን የማወራሽ ዋናውን ፈርቼ ነው። ወንድሜ እግርሽ ላይ ቁስል እንዳለ ነገረኝ። አትቆጪው፣ አምልጦት ነው። ከመጋቢት ወዲህ ለስኳርሽ ክትትል አልሄድሽም አሉ። «ሆስፒታል ሄጄ ኮሮና ልሸምት?» ብለሻል።

አልፈርድብሽም። እኔም ያኔ ወደ ሥራ ስሄድ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። በመጋቢት እዚህ ሊቆይ የሚችል ቀዶ ሕክምና ሁሉ ቆመ። ጉልበት፣ ዓይን፣ ሁሉም «ቆይ» ተባለ። አልጋውም፣ ጓንቱም፣ ሰውም ለኮሮና በሽተኛ ተፈለገ። አንዷን ማስክ በወረቀት ከረጢት እያስቀመጥኩ ለቀናት እደጋግማት ነበር። ይህንን አልነገርኩሽም። ያንቺው ልጅ አይደለሁ?

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ሜሪላንድ መልሳ ፈቀደች። ግን በሩ ወለል ብሎ አልተከፈተም። መዘግየቱ የሚጎዳው ሰው ቀደመ፣ እንደ ካንሰርና ልብ ያለው። ጉልበቱ የሚያመው ጠበቀ። ትኩሳትና ሳል ያለበት በአንድ በር፣ ሌላው በሌላ በር ይገባል። የኮሮናው ክፍል አየር ወደ ኮሪደሩ እንዳይወጣ በማሽን ይሳባል። እዚያ የተመደበ ነርስ ወደ እኛ አይሻገርም። ቀዶ ሕክምና ያለው ሰው ቀኑ ሦስት ቀን ሲቀረው ይመረመራል፣ ከዚያ እስኪመጣ ከቤቱ አይወጣም። የመጠበቂያ ክፍሉን ወንበር አንድ እየዘለልን በፕላስተር ያሸግነው እኛው ነን።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ግን ሰው አልመጣም። በዚያ ክፉ ሰሞን፣ መጋቢት መጨረሻና ሚያዝያ ላይ፣ በአሜሪካ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚመጣው ሰው ከአምናው በ42 በመቶ ቀንሶ ነበር። የሰው ልብ መታመም ያቆመ ይመስልሻል? ፈርቶ ቤቱ ቁጭ ብሎ ነው። በግንቦት አንድ ስኳር ያለበት ሰው መጣ። የእግር ጣቱ ጠቁሯል። «ይሻለኛል ብዬ» አለኝ። ከዚህ በላይ አልጽፍልሽም።

አዲስ አበባም ቢሆን ኮሮና የጠናበት ወደ ኤካ ኮተቤና ወደ ሚሊኒየም አዳራሽ ነው የሚወሰደው። ወንድሜ አንቺ የምትታከሚበት ቦታ ሄዶ ጠይቋል። በር ላይ ሙቀት ይለካሉ፣ የስኳር ክትትሉም ተጀምሯል። ማስክሽን አፍንጫሽ ድረስ አድርጊ፣ አገጭሽ ላይ አይደለም። ወንድሜ ብቻ ይከተልሽ። ጎረቤቱን ሁሉ አስከትለሽ እንዳትሄጂ። እግርሽን ደግሞ በፍል ውሃና በጨው መዘፍዘፉ ይቅር። ስኳር ያለበት እግር ሙቀቱ ላይሰማው ይችላል፣ ሳታውቂው ትቃጠያለሽ።

እንግዲህ ልናገረው። አባዬ የታመመ ጊዜ በደወልኩ ቁጥር «ተኝቷል» ትዪኝ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ተኛ። ከዚያ አንድ ማለዳ፣ ገና ሳይነጋ፣ ስድስት ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ በሬ ላይ ቆመ። ትንሹን አርግዤ ስለነበር እንዳልደነግጥ ነው፣ አውቃለሁ። ሁሉም ደግ አደረገች አሉሽ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

በሚያዝያ አንድ ሽማግሌ እጄ ላይ አረፉ። ጠያቂ ተከልክሏል። ታብሌቱን ጆሯቸው ሥር ያዝኩና ልጃቸው ከሌላ ከተማ አወራቻቸው። ስለ ልጅነቷ፣ ስለ አንድ ውሻ፣ ስለማይረባ ነገር ሁሉ። አርባ ደቂቃ። ክንዴ ዛለ፣ ግን አላወረድኩትም። በማስኩ ሥር አለቅስ ነበር። ለሳቸው መሰለሽ? እሳቸው ይቅር ይበሉኝ፣ እኔ አንቺ ላይ ተናድጄ ነበር። ለማላውቃት ሴት የያዝኩላትን ስልክ ለእኔ የያዘልኝ አልነበረም።

ደግሞ ይህን ጽፌ ደነገጥኩ። እንጀራ ጋግረሽ ሸጠሽ ነው ነርስ ያደረግሽኝ። ታዲያ ሙያዬ ላንቺ ካልሆነ ለማን ነው?

ደብዳቤውን የሚያመጣልሽ ሰው ትንሽ ቦርሳ ይዞልሻል። የስኳር መለኪያ፣ ማስኮች፣ ስድስት ጥንድ ካልሲ አለበት። ቸኮሌቱ ለጎረቤት ልጆች ነው፣ ላንቺ አይደለም፣ ተግባብተናል። ካልሲው ነጭ የሆነው ቁስሉ ደም ወይም ፈሳሽ ካወጣ ቶሎ እንዲታይ ነው። «ይቆሽሻል» ብለሽ ቁምሳጥን ውስጥ እንዳታስቀምጪው።

እሁድ ከቅዳሴ ስትመለሺ በኢሞ እደውላለሁ። ደህና ነኝ አትበይኝ። ስልኩንም ፊትሽ ላይ አትያዢው፣ ወንድሜ ወደ ታች ያዙረው። ካልሲሽን አውልቀሽ ጠብቂኝ።

ልጅሽ